ፊደል ከጠርዝ ሲበራ፦ የአክሪሊክ ታፔላን በሲኤንሲ ራውተር ስለ መቅረጽ

አዳማ ላይ ለማስታወቂያ ሥራ ባለሙያዎችና ለሙያው ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼና ተማሪዎች፣

ንግግሬን በአንድ ስህተት እጀምራለሁ፤ ስህተቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ አዳማ ለሚገኝ አንድ ቡና ቤት ከባንኮኒው በስተኋላ የሚሰቀል፣ 80 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የሚበራ ታፔላ ሠርቼ ነበር። ሥራው በአክሪሊክ (እንደ መስታወት ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ) ላይ በሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) የተቀረጸ፣ መብራቱም ከግራ ጠርዝ የሚገባ ነበር፤ ምክንያቱም ከታች መደርደሪያ ስለነበረ ባለቤቱ ሽቦ እንዲታይበት አልፈለገም። ወርክሾፕ ውስጥ በቀን ብርሃን ሳየው ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። ማታ ስልክ ተደወለልኝ፤ «ጋሼ፣ ምን ብለው ነው የጻፉልኝ?» አለኝ የቡና ቤቱ ልጅ። ሄጄ ከበሩ ላይ ቆሜ ሳነበው «በና ቤት» ይላል። የ«ቡ» ጭረት ተቀርጻለች፤ ከኋላ በጣት ስትዳሰስ አለች፤ ነገር ግን አትበራም።

የዛሬው ንግግሬ ከዚህች ጭረት ብዙም አይርቅም። ማሽኑን ማንቀሳቀስ በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ነገር ነው፤ ፊደላችን በብርሃን ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ይጠይቃል። ይህን ለመረዳት ብርሃኑ በአክሪሊኩ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ አስቀድመን እንመልከት።

በአክሪሊክ ውስጥ የሚሄድ ጨረር ወደ አየር መውጣት የሚችለው ገጹን ቀጥ ብሎ ወይም ለቀጥታ በቀረበ አኳኋን ሲመታው ብቻ ነው። ከቀጥታው ከ42 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ከመታው መውጫ ያጣና መስታወት እንዳገኘ ሁሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በሌላ በኩል ከአየር ተነሥቶ በለስላሳ ጠርዝ ወደ አክሪሊክ የገባ ጨረር፣ የአክሪሊክ የብርሃን ስብረት ልክ (ብርሃን ሲገባበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሳየው ቁጥር) ወደ 1.49 ስለሆነ፣ ከ42 ዲግሪ በላይ ተዘርግቶ ሊገባ አይችልም። ጠርዙና ገጹ በ90 ዲግሪ ስለሚገናኙ፣ በጠርዙ በኩል ቢበዛ 42 ዲግሪ ያጋደለው ጨረር ገጹ ጋ ሲደርስ ቢያንስ 48 ዲግሪ ያጋድላል ማለት ነው። 48 ከ42 ይበልጣልና በለስላሳ ጠርዝ የገባ ብርሃን በሙሉ በሁለቱ ገጾች መካከል ታስሮ እየተንጸባረቀ ይሄዳል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዳንኤል ኮላዶን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጄኔቫ ውስጥ ብርሃን በሚወርድ ውሃ ውስጥ ታጥፎ ሲሄድ ያሳየው በዚሁ ጠባይ ነው፤ የፋይበር ኢንተርኔታችንም የሚሠራው በዚሁ ነው።

እንግዲህ ታፔላው የሚበራው ብርሃኑ ከዚህ እስር የሚፈታበት ቦታ ስላለ ነው። ያ ቦታ ራውተሩ የቆረጠው ቦይ ነው። በቦዩ ግድግዳ ላይ ጨረሩ የሚያገኘው የተጋደመ ገጽ ስለሆነ ማዕዘኑ ይለወጥና ወደ ተመልካቹ ዓይን ይወጣል። ነገር ግን ብርሃኑ የእኛን ቦይና ሌላውን ጉዳት ለይቶ አያውቅም። ቢት (የራውተሩ መቁረጫ ስለት) የቧጨረው ቦታ፣ የጣት አሻራ ቅባት፣ ከጀርባ የተለጠፈ ስቲከር ሙጫ፣ ሁሉም ለእርሱ መውጫ በር ነው። ስለዚህ መከላከያ ወረቀቱን ገና በጠዋት ልጦ የሚጥል ሠራተኛ ማታ ላይ የራሱን አሻራ ሲያበራ ይውላል። ከታፔላው ጀርባ ጥቁር ሰሌዳ ማድረግ ለሚፈልግም ምክሬ አንድ ነው፦ በሙጫ አያጣብቀው፤ በመካከሉ ጥቂት አየር ይተውለት።

ብርሃኑ የሚገባበት ጠርዝም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። በመጋዝ እንደተቆረጠ የቀረ ሻካራ ጠርዝ ጨረሩን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው፣ ቅድም የቆጠርነው የ42 ዲግሪ ገደብ ይፈርሳል፤ ከጠርዙ አጠገብ ያለው ክፍል በጭጋግ መሰል ብርሃን ይሞላል፤ ለሩቁ ፊደል የሚደርሰውም ያንሳል። ብዙ ጊዜ ስትሪፑ፣ ማለትም የኤልኢዲ መብራቶች የተደረደሩበት ጥብጣብ፣ «ደካማ ነው» ተብሎ ሌላ ስትሪፕ የሚገዛው ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ስላልለሰለሰ ነው።

አሁን ወደ ቡና ቤቱ ልመለስ። በአክሪሊክ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጓዝ ብርሃን ቁመቱን የቆመ ቦይ ሲያገኝ ሰፊ ግድግዳ ፊት ለፊት ያገኛል፤ ስለዚህ እግሮቹ ይበራሉ። አግድም የተኛ ቦይ ሲያገኝ ግን ከጎኑ አልፎ ይሄዳል፤ በመንገድ ላይ ከሚሄድ ሰው ጎን ለጎን እንደተዘረጋ አጥር ነው፤ አያደናቅፈውም። የ«ቡ» ጭረት ደግሞ አግድም ናት። በዚያ ላይ ቀጭን ናት፤ በቪ ቢት (ጫፉ እንደ V በሾለ ቢት) ሲቀረጽ ቅጥነት ማለት ጥልቀት ማጣት ማለት ነው። 90 ዲግሪ የሆነ ቪ ቢት 1 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የቦዩ ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ለሆነች ጭረት ግን ሶፍትዌሩ ቢቱን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ አያወርደውም። ስለዚህ ጭረቷ ሁለት ጊዜ ተበድላለች፦ አንድ ጊዜ በአቅጣጫዋ፣ አንድ ጊዜ በቅጥነቷ።

በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ይህ ብዙም አያስጨንቃቸውም፤ አንድ ቀጭን መስመር ቢደበዝዝ ቃሉ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚሸከመው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። ካዕቡ በጭረት፣ ኃምሱ በቀለበት፣ ራብዑና ሳብዑ በእግር ማጠርና መርዘም ይለያሉ። በአክሱም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዒዛና ዘመን በድንጋይ ላይ በተቀረጹት የግዕዝ ጽሑፎች ላይ እነዚህ የአናባቢ ምልክቶች ይታያሉ። የድንጋይ ቅርጽ በጥላ ይነበባል፤ የእኛ ደግሞ በብርሃን። ከአክሱም ዘመን በኋላ ግን ፊደሉ ለብዙ ዘመን የኖረው በብራና ላይ ነው፤ የሸምበቆ ብዕር ደግሞ እንደ አያያዙ የቆመውን እግር ያወፍራል፣ አግድሙን ያቀጥናል። ዛሬ በኮምፒውተራችን ላይ ያሉት ብዙዎቹ የፊደል ቅርጾች ያንን የብዕር ጠባይ ወርሰዋል። በወረቀት ላይ ያምራል፤ ከጠርዝ በሚበራ አክሪሊክ ላይ ግን ለቃሉ ወሳኝ የሆነችው መስመር ከሁሉ የቀጠነች ሆና ትገኛለች።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱንም በዚያው ቡና ቤት ታፔላ ላይ ነው የተማርኳቸው። አንደኛ፣ ለአማርኛ ጽሑፍ መብራቱን ከታች ወይም ከላይ አስገቡት። ያን ጊዜ ብርሃኑ ቁመቱን ስለሚጓዝ አግድሞቹ ጭረቶች ፊት ለፊት ይቀበሉታል፤ እግሮቹም ቢሆኑ ወፍራምና ጥልቅ ስለሆኑ የድርሻቸውን አያጡም። ሁለተኛ፣ ፊደሉን እንዳለ አትቀበሉት። በዊንዶውስ ላይ የሚገኘውን ኒያላ የተባለ የፊደል ቅርጽ ወይም ከፓወር ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ቅርጾች አንዱን መርጣችሁ ጽሑፉን ወደ መስመር (ወደ ሥዕል) ከቀየራችሁ በኋላ፣ ጭረቶቹንና ቀለበቶቹን አንድ በአንድ እየያዛችሁ አወፍሯቸው። የአንድ ታፔላ ፊደል ቢበዛ ሃያ ነው፤ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ጭረቷ ከእግሩ ውፍረት ከሁለት ሦስተኛ ባታንስ እመርጣለሁ። በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ያስጠላል፤ ሲበራ ግን ትክክል ነው።

ጽሑፉን ወደ መስመር መቀየር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት) የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ከማሽኑ ጋር ተቀድተው የሚመጡ አሮጌ ፕሮግራሞች ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርገው የሚያሳዩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ደንበኛ በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ስልት ጽፎ የላከው ፋይልም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በኮረል ወይም በኢለስትሬተር የሥዕል ፕሮግራም ወደ መስመር ተቀይሮ የሄደ ፊደል ግን የትም ቢሄድ ያው ነው።

በከተማችን አብዛኛው ታፔላ በሁለት ቋንቋ ስለሚጻፍ ይህንንም ልጨምር። በቁቤ ረጅም አናባቢ በድርብ ፊደል ስለሚጻፍ የአፋን ኦሮሞው መስመር ብዙ ጊዜ ይረዝማል፤ አማርኛው ያጥራል። ሠዓሊው ሁለቱን መስመር እኩል ለማድረግ ሲል አንዱን ይጎትታል፣ ሌላውን ይጨፈልቃል። ሁለቱም ሲበደል አይቻለሁ። መስመሮቹ እኩል እንዲረዝሙ ማድረግ ግዴታ አይደለም፤ የፊደላቸው ቁመትና የቦያቸው ጥልቀት ከተመጣጠነ ዓይን ሁለቱንም እኩል ይቀበላቸዋል። የቁቤው ፊደላትም አግድም መስመራቸው ቀጭን ከሆነ ያው በደል ይደርስባቸዋልና ለእነርሱም ወፍራም፣ ጌጥ የሌለው ቅርጽ ምረጡ።

ቀጥሎ ስለ መገልበጥ ልናገር፤ ብዙ የአክሪሊክ ሺት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የምንቀርጸው ከጀርባ ነው። የፊቱ ገጽ ለስላሳ ሆኖ ሲቀር ለመወልወል ይመቻል፤ የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራም በቦዩ ውስጥ አይቀመጥም። ከጀርባ ስለሚቀረጽ ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ተገልብጦ መግባት አለበት። መገልበጡን የረሳ ሰው ወዲያው የሚነቃ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን ፊደላችን ተንኮል አለው። «ባ» ስትገለበጥ «ቦ» ትመስላለች፤ የረዘመው እግር ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳልና። «ቡ» ስትገለበጥ ጭረቷ ወደ ግራ ዞራ «ብ»ን ትመስላለች። «ሰ»ንና «በ»ን ብትገለብጧቸው ደግሞ ያው ናቸው። ስለዚህ የተገለበጠውን ስክሪን ላይ እያዩ «ትክክል ነው» ማለት አይቻልም። እኔ የማደርገው ቀላል ነው፦ የተገለበጠውን በወረቀት አትሜ ወረቀቱን ከጀርባው ወደ መስኮት ይዤ አነበዋለሁ። ከመቁረጤ በፊት ሌላ ሰውም እንዲያነበው እሰጣለሁ።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። አክሪሊክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ካስት የሚባለው በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠጥር ሲሆን፣ ኤክስትሩድ የሚባለው ደግሞ በግፊት እየተገፋ የሚወጣው ነው። ለመቅረጽ ካስቱ ይሻላል፤ ፍቅፋቂው ደረቅ ሆኖ ይበተናል። ሁለተኛው ቶሎ ይለሰልስና በቢቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። አክሪሊክ ከ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጥቂት አለፍ ሲል መለስለስ ስለሚጀምር ጠላታችን ሙቀት ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት አለ፦ ሲፈራ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያሽከረክረው ክፍል) በደቂቃ 18,000 ጊዜ ሲዞር፣ ቢቱ አንድ ጥርስ ያለው ከሆነና በደቂቃ 1,800 ሚሊ ሜትር ከሄደ፣ በየዙሩ 0.1 ሚሊ ሜትር ይነክሳል፤ ይህ ጤነኛ ንክሻ ነው፤ ሙቀቱም ከፍቅፋቂው ጋር ይወጣል። ፍጥነቱ ወደ 600 ሲወርድ ንክሻው ከ0.04 ያንሳል፤ ያን ጊዜ ቢቱ መቁረጡን ትቶ ማሸት ይጀምራል፤ ያሸው ነገር ይግላል፤ የጋለው ይቀልጣል። ስለዚህ ሽታ ሲመጣ ፍጥነት አትቀንሱ፤ የስፒንድሉን ዙር ቀንሱ፣ አየር ንፉበት፣ ቢቱንም እዩት። የቪ ቢት ጫፍ ደግሞ በመካከሉ ላይ ከሞላ ጎደል የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ጫፉ የደነዘዘ ቢት ከቆረጠው ይልቅ ያሸው ይበዛል። የመጨረሻውን ዙር በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ብታስኬዱት ግድግዳው ይጠራል። አፍና አፍንጫችሁን መሸፈን ለማንም የምነግረው ነገር አይመስለኝም።

ከዚህ ያነሰ የሚያሳስበው፣ ግን የበለጠ የሚያበላሸው የጠረጴዛው ደልዳላነት ነው። ሺቱ በአንድ ቦታ ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር መውረድ የነበረባት ጭረት 0.3 ብቻ ትወርዳለች፤ በ90 ዲግሪ ቢት ስፋቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ 0.6 ይወርዳል። ወፍራሙ እግር ላይ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ጭረቷ ላይ ግን ግማሽ ሕይወቷ ነው። የታችኛውን የእንጨት ሰሌዳ ራውተሩ ራሱ አስተካክሎ እንዲልገው አድርጉ፤ ሺቱንም በአራቱ ጠርዝ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም ይዛችሁ አስሩት።

ስለ መብራት መጥፋት ላለማንሳት ፈልጌ ነበር፤ ግን አዳማ ላይ እየተናገሩ መዝለል አይቻልም። ከከተማችን ዳርቻ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት፣ እየዞሩ እያየናቸው እኛ ግማሽ የተቀረጸ ሺት ፊት ቆመን መብራት እንጠብቃለን። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መስመር እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ይህም ቢሆን ያስቃል። ዋናው ነገር መብራት ሲመለስ ማሽኑ ያለበትን ቦታ አያውቅም። በዓይን ገምታችሁ ዜሮ ከሰጣችሁት ግማሽ ሚሊ ሜትር ይስታል፤ ፊደሉ ሁሉ ጥላ ያለው ሆኖ ድርብ ይሆናል። መነሻ ነጥባችሁ ከሺቱ ውጭ በጠረጴዛው ላይ የተቸነከረ ማዕዘን ይሁን፤ ያቆመበትንም የፕሮግራም መስመር እየጻፋችሁ ያዙ። መቆጣጠሪያውን ብቻ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል በሚሰጥ መሣሪያ) ማስቀጠል ግን ራሱን የቻለ አደጋ ነው፦ ስፒንድሉ ቆሞ ማሽኑን ወዲያ ወዲህ የሚወስዱት ሞተሮች ከቀጠሉ ቢቱ ሳይዞር ይጎተትና ይሰበራል።

ከተቀረጸ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚገለጠው። አንድ ጊዜ ለመድኃኒት ቤት የሠራሁትን ታፔላ ከማስረከቤ በፊት ጥሩ አድርጌ በአልኮል ወለወልኩት። ከሳምንት በኋላ ከየቦዩ ጫፍ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጥተው ፊደሉ ሁሉ ጢም አብቅሏል፤ ስንጥቅም ለብርሃን በር ነውና ጢሙ አብሮ ይበራል። ቢት ያለፈበት አክሪሊክ በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል፤ አልኮልና ቤንዚን ያን ውጥረት ይፈቱታል፣ በስንጥቅ መልክ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ጥጥ ይበቃል። ለደንበኛውም ይህን በቃል ብቻ አትንገሩት፤ ጽፋችሁ ስጡት፤ ታፔላውን የምትወለውለው እህት ስታስረክቡ አልነበረችምና።

የኤሌክትሪኩ ነገር ቀላል ስለሆነ አላስረዝመውም። በሜትር 9.6 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ስትሪፕ ለ80 ሳንቲ ሜትር 7.7 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ 1 አምፒር አዳፕተር እያረፈ ይሸከመዋል። በሜትር 60 ኤልኢዲ ያለው ስትሪፕ ላይ በአንዱና በሌላው መካከል ወደ 17 ሚሊ ሜትር ስላለ፣ ከጠርዙ አጠገብ ነጠብጣብ ይታያል፤ የአክሪሊኩን የመጀመሪያ 2 ሳንቲ ሜትር ስትሪፑ በሚቀመጥበት የአልሙኒየም ቻናል ውስጥ ደብቁት። አክሪሊክ በሙቀት ከአልሙኒየም ይልቅ ብዙ ይለጠጣል፤ 1 ሜትር የሆነው በ20 ዲግሪ ልዩነት ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የብሎኑን ቀዳዳ አስፉ፣ ብሎኑንም አታጥብቁ።

ከአድማጮች መካከል ቅድም አንድ ወጣት ይህ ታፔላ ለመንገድ ዳር ይሆን እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። አይሆንም። በአዳማ የቀትር ፀሐይ ፊት ከጠርዝ የገባ ብርሃን አቅም የለውም፤ ደንበኛው ቀን ላይ ባዶ ፕላስቲክ ነው የሚያየው። ለውጭ ላይት ቦክስ ወይም ከውስጡ የሚበራ የሳጥን ፊደል ሥሩ። ይህኛው ቦታው የሆቴል መቀበያ፣ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ፣ የካፌ ውስጠኛ ግድግዳ ነው። ደንበኛ ለውጭ ካልሠራህልኝ ብሎ ቢያስጨንቃችሁ ገንዘቡን ከመቀበል ይልቅ ሥራውን መተው ይሻላል፤ በወሩ ስማችሁን ይዞ ይመጣል።

እንግዲህ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ናሙና አለ። አንደኛው ያ የቡና ቤቱ ታፔላ ነው፤ ቀይሬለት የቀድሞውን ወስጄዋለሁ። ሁለተኛው ጭረቱ ወፍሮ፣ መብራቱ ከታች የገባበት ነው። እኔ ማንኛውንም ሥራ ከማስረከቤ በፊት ወርክሾፑን አጨልሜ፣ የስልክ መብራት ጠርዙ ላይ አስጠግቼ፣ ምን እንደተጻፈበት የማያውቅ ሰው ከአሥር እርምጃ ርቀት እንዲያነበው አደርጋለሁ። ከኋላ ወንበር ያላችሁ ምን እንደተጻፈ ከንግግሬ ስለሰማችሁ አሁን አትረዱኝም፤ ዘግይተው የገቡት እኅታችን ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፣ እርሳቸው ያንብቡልን። የአዳራሹን መብራት የሚያጠፋልኝ ሰው ካለ በግራ በኩል ካለው እጀምራለሁ።